አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,161 ትምህርት ቤቶች፦ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ጉዳይ ጥናት

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲያደርጉ የሁሉም ሰው መነጋገሪያ የሆነው አንድ ቁጥር ነበር፤ 3.3 በመቶ። ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። በዚያው ሰሞን የወጣው ሁለተኛ ቁጥር ግን የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነበር፣ ታሞ ነበር፣ ደንግጦ ነው ይባላል። ከአንድ ግቢ የወጡ ተፈታኞች በሙሉ ሲወድቁ ግን ስንፍና ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። በእነዚያ 1,161 ግቢዎች ውስጥም እኮ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ ደብተሩን ሰው የሚዋሰው፣ ዘመድ አዝማድ ገና በልጅነቱ “ዶክተር” እያለ የሚጠራው ተማሪ ነበር። እሱም ግማሽ አላመጣም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ስለዚያ አንደኛ ተማሪ ነው። ስለ ሰነፉ ብዙ ተብሏል።

ፈተናው ቦታ ሲቀይር

እስከ 2013 ድረስ ፈተናው የሚሰጠው ተማሪው በተማረበት ወይም በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ነበር። በ2008 የፈተናው ወረቀት ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝና ሌላ ቀን እስከ መያዝ ተደርሷል። በ2013ም ፈተናው ቴሌግራም ላይ ሲዘዋወር ከርሞ ውጤቱ ብዙ ቅሬታ አስነሳ። ኩረጃው በጎን የሚደረግ የልጆች ነገር ብቻ እንዳልነበረ፣ የተደራጀ እንደነበር፣ ሚኒስቴሩም ራሱ ተናግሯል። ይህ አያስገርምም። ብዙ ተማሪ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ይመሰገናል፣ የርዕሰ መምህሩና የወረዳው ስም በበጎ ይነሳል፣ ወላጅ ይደሰታል። ፈታኙ ዓይኑን ጨፈን ቢያደርግ የሚከፋ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

የ2014 ፈተና ይህንን ሰንሰለት በጠሰው። ከመስከረም 30 ቀን 2015 ጀምሮ በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ ማኅበራዊ ሳይንስ ቀጥሎ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጓዙ። ስልክ ክልክል ነው፤ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ መኝታውና ምግቡ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ፈታኙም ተማሪው በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ መምህር ነው። ሁሉም ነገር በሰላም አለቀ ማለት አይደለም። በአማራ ክልል በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች አንፈተንም ብለው ወጥተዋል። ትግራይ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጨርሶ ከፈተናው ውጪ ነበረች።

ሁለተኛው ለውጥ የማለፊያው ነጥብ ነው። ቀድሞ መቁረጫ ነጥብ የሚወሰነው ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ነበር። ቦታው ሰፋ ያለ እንደሆነ ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ለሴቶችና ታዳጊ ይባሉ ከነበሩት ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎችም ዝቅ ያለ ነጥብ ይያዝ ነበር። በ2014 ግን 50 በመቶ ለሁሉም አንድ ሆነ። ያው የአዲስ አበባው የግል ትምህርት ቤት ልጅም፣ የአፋሩም፣ የጋምቤላውም።

ሦስተኛው ለውጥ ድምፅ አልነበረውም፤ እኔ ግን ከሁለቱ አያንስም ባይ ነኝ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ብዙ መቶ ሺህ ልጅ 10ኛ ክፍል ላይ ይቀርና ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። 12ኛ ክፍል የሚደርሰው ተበጥሮ የቀረው ነው። በ2012 10ኛ ክፍል የነበሩት ግን ያንን ወንፊት ሳያልፉ ወደ 11ኛ፣ ከዚያም ወደ 12ኛ ተሻገሩ። በ2014 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ 3.3 በመቶውን ከድሮ ማትሪክ ጋር አስተያይቶ “ትውልዱ ጠፋ” ማለት ሂሳቡም አይገጥምም። የድሮው መቶኛ ሲሰላ መንገድ ላይ የቀሩት አልተቆጠሩም ነበር፤ የአሁኑ ቆጥሯቸዋል። በአንድ በኩል ይህ ወንፊት መነሣቱ ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል ግን ሁለት ቦታ ይከፈል የነበረውን የመውደቅ ዋጋ አንድ ቀን ላይ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበው።

የ2003 አንደኛ ክፍሎች

በ2014 12ኛ ክፍል የነበረና ክፍል ያልደገመ ልጅ ትምህርት የጀመረው በ2003 ነው። ያንን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ አገሪቱ ትምህርት ቤት ስትከፍት ኖራለች። ፖሊሲው ሲወጣ በአንደኛ ደረጃ የነበረው ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ 20 ሚሊዮን አካባቢ ደርሷል። ሁለት የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በጣም ድሃ የሆነ አገር በዚህ ፍጥነት የትምህርት በር ሲከፍት በዓለም ላይም ብዙ ምሳሌ የለውም። ይህን ማቃለል ነውር ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇን 12ኛ ክፍል ማድረሷ በራሱ ታሪክ ነው።

ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ገብተው ምን አገኙ? እነዚህ ተማሪዎች 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በልጆች አፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። 2ኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በባዕድ ቋንቋ አይደለም፤ በገዛ ቋንቋቸው ነው። ውጤቱም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያይ ነበር። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ መውደቅ የለም፤ ማንበብ ቻለም አልቻለ ልጁ ይዛወራል። ማዛወሩ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ትንሽን ልጅ ክፍል እያስደገሙ ማስመረር ከትምህርት ቤት ያስወጣዋል። ችግሩ ከዝውውሩ ጋር ሊመጣ የሚገባው ድጋፍ ባብዛኛው ቦታ አለመምጣቱ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ገና በ2ኛ ክፍል ተከፍቶ ነበር፤ የሚለካው ሰው የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ የቋንቋው ነገር ይመጣል። በብዙ አካባቢ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ 9ኛ ክፍል ላይ፣ በአንዳንድ ክልል ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። አንድ የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ኖት ይጽፋል፣ ተማሪው ቀና ጎንበስ እያለ ይገለብጣል። ከዚያ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ የጻፈውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል። ልጁ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የተረዳው በአንድ ቋንቋ፣ ደብተሩ ላይ ያለው በሌላ ቋንቋ። ፈተናው ሲመጣ የሚጠየቀው ሰሌዳው ላይ ባለው ብቻ ነው። በልጅነቱ አፀደ ሕፃናት ገብቶ “ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር” እያለ ያደገ የከተማ ልጅ ሴሉን ብቻ ያጠናል፤ የገጠሩ ልጅ ሴሉንም ሴሉ የተጻፈበትንም ቋንቋ አብሮ ማጥናት አለበት። ይህን ሰምቶ አፍ መፍቻ ቋንቋን የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። ጥፋቱ ድልድዩ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛን የሚያስተምረው መምህርም ያደገው በዚያው መንገድ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ሳይሆን የወረዳው ከተማ ላይ ነው። 9ኛ ክፍል የገባ የገጠር ልጅ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ክፍል ቤት ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ ዓርብ ክፍል አይገኝም። በአዝመራ ጊዜ ጭራሽ አይመጣም። ሴት ልጅ ከሆነች ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖሯ ራሱ ወላጅን ያስጨንቃል፤ ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይቆማሉ። በ1997 በየክፍሉ የተተከለው ፕላዝማ ይህን ልዩነት ያጠባል ተብሎ ነበር። ደብረ ዘይትም ሆነ ደገሀቡር አንድ መምህር በሳተላይት በአንድ ሰዓት ያስተምራል ተባለ። መብራት ሲጠፋ ግን መምህሩም ይጠፋል። መብራት የማይጠፋበት ከተማ ደግሞ መጀመሪያውኑ መምህር ያልጎደለበት ነው።

ከዚህ ላይ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። እነዚሁ ልጆች ያኔ 10ኛ ክፍል ነበሩ። የከተማው ልጅ በቴሌግራም ኖትና ጥያቄ ይላክለት ነበር፤ የገጠሩ ልጅ በሬ ጠመደ።

ቤቱ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ?

በትምህርት ሶሲዮሎጂ ውስጥ አንድ የቆየ ክርክር አለ፤ ለዚህ ጉዳይ በቀጥታ ይጠቅማል። በ1966 እ.ኤ.አ. በጄምስ ኮልማን የተመራ ቡድን በአሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ለልጁ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታና አብረውት የሚማሩት ልጆች ማንነት ይበልጥ ይወስናሉ አለ። ይህ ግኝት በዓለም ዙሪያ “ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም” ተብሎ ተጠቀሰ። በ1983 እ.ኤ.አ. ግን ስቲቨን ሄይንማንና ዊልያም ሎክስሊ 29 አገሮችን አነጻጽረው ነገሩ ለድሃ አገሮች እንደማይሠራ አሳዩ። አገሩ በደኸየ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ድርሻ ከፍ ይላል፣ የቤተሰብ ድርሻ ዝቅ ይላል አሉ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ይህ በየቦታው እንደማይጸና ቢያሳዩም ጥያቄው ከጠረጴዛው አልተነሣም።

ወደ አንደኛው ተማሪ እንመለስ። የኮልማን ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በየትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ልጅ ማለፍ ነበረበት። በየወረዳው ከተማ የመምህር ልጅ አለ፣ የነጋዴ ልጅ አለ፣ የጤና ባለሙያ ልጅ አለ። ቤታቸው መጽሐፍም መብራትም አላቸው። በ1,161 ትምህርት ቤቶች እነሱም አላለፉም፤ ወይም ከነጭራሹ እዚያ አልነበሩም። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን 9ኛ ክፍል ሳይደርስ ወደ ዞኑ ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ግል ትምህርት ቤት፣ ወደ አጎቱ ቤት ይልካል። ክፍሉ ውስጥ ጥያቄ ጠያቂውን፣ ወላጅ ኮሚቴውም ተቆጪ አባሉን ያጣል። ቤትና ትምህርት ቤት ለየብቻ የሚመዘኑ ሁለት ምክንያቶች መሆናቸው ያበቃል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርዳል።

በሌላኛው ጫፍ ያስፈተኗቸውን ተማሪዎች በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አሉ። በአድናቆት ይጠቀሳሉ፤ መጠቀስም ይገባቸዋል። ግን ከእነዚህ መካከል ተማሪ በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚወስዱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። የአንድ ክልል አንደኛዎችን ሰብስቦ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ ቤተ ሙከራ ሰጥቶ ማሳለፍ አንድ ነገር ነው፤ የቀሩትን ማስተማር ሌላ። የሚገርመው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት በተስፋፋ ቁጥር በዜሮዎቹ ግቢዎች አንደኛ የሚወጣው ልጅም ተለቅሞ ይሄዳል። ለልጁ መዳኛው ነው፤ ለግቢው ግን ዜሮውን ያጸናለታል።

የፈተናው ውጤት ውስጥ ሌላም መለያየት አለ። ከተፈጥሮ ሳይንስ 339,642 ተፈታኞች 22,936 አለፉ፤ 6.8 በመቶ። ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ተፈታኞች ያለፉት 6,973 ናቸው፤ 1.3 በመቶ። ከተፈታኙ 38 በመቶ ገደማ የሆነው ወገን ካለፉት 77 በመቶውን ያዘ። ታሪክና ጂኦግራፊ ከፊዚክስ ስለሚከብዱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ይቀበላሉ በተባለበት ዘመን “ጎበዝ ተፈጥሮ ይገባል” የሚለው አስተሳሰብ በየትምህርት ቤቱ ሥር ሰድዷል። ሒሳብ የከበደው፣ መምህር ያላገኘው፣ ተስፋ የቆረጠው ወደ ማኅበራዊ ይሄዳል። ምደባው የዝንባሌ ሳይሆን የደረጃ ሆኖ ኖሯል።

በጥያቄ ወረቀቱ ላይ አራት ምርጫ ካለ፣ ምንም ሳያነብ እየገመተ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። በቀጣዩ የ2015 ፈተና አገራዊው አማካይ ከ30 በመቶ በታች ነበር። እንግዲህ ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ አማካዩ ተማሪ ከገማች የሚለየው በጥቂት ነጥብ ነው። ይህን ሰምቶ ፈተናው ከበደ ማለት ይቻላል፤ ልጆቹ ሰነፉ ማለትም ይቻላል። ሁለቱም የ2ኛ ክፍሉን ምንባብ ይዘሉታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲ ያላት አገር 30 ሺህ ተማሪ ብቻ ይዛ ልትቀጥል አልቻለችምና ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም መጣ። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተሻሉት ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለወራት የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱና ዳግም እንዲፈተኑ ተደረገ። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ዝቅ የሚለው ነጥብም በዚህ በር ተመልሶ ገባ። የ12 ዓመት ጉድለት በአራት ወር ይሞላል ብሎ ያመነ ያለ አይመስለኝም፤ ግን ለብዙ ልጆች የተሰበረ ተስፋ መጠገኛ ሆኗል።

ሚኒስቴሩ ፈተናውን በማጥበቁ ትችት ሲዘንብበት ከርሟል። እኔ በዚህ አልተባበርም። የተሰረቀ ውጤት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚባረር ልጅ ያለቅሳል እንጂ አልተጠቀመም። በኩረጃ የተሸፈነ ዜሮ ደግሞ ማንም ሊያክመው አይችልም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የግልጽነቱን ዋጋ በሙሉ የከፈለው መስመሩ መጨረሻ ላይ የተገኘው ልጅ ነው። 2ኛ ክፍል ላይ ሳያነብ ያዛወረው ሥርዓት፣ መምህር ያልመደበው ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ዕቃ ቤት ያደረገው ርዕሰ መምህር ከ100 ስንት እንዳመጡ የተነገረበት መግለጫ የለም። ለትምህርት ቤቶች እድሳት ኅብረተሰቡን ያንቀሳቀሰው “ትምህርት ለትውልድ” የተሰኘው ንቅናቄ ጣሪያና ግድግዳ ላይ የሚታይ ለውጥ አምጥቷል፤ ጣሪያ ግን እንግሊዝኛ አያስተምርም።

የማለፊያው መቶኛ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 36,409 ሆነ፤ 5.4 በመቶ። መስከረም 2018 በተነገረው የ2017 ውጤት ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈዋል፤ 8.4 በመቶ። መቶኛው በሦስት ዓመት ሁለት ተኩል እጥፍ አድጓል። ያለፉት ልጆች ቁጥር ግን ያደገው በ64 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ዕድገት የመጣው ከታች ያለው ቁጥር በመውረዱ ነው። ተፈታኙ ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ ወርዷል፤ ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። የ2017ቶቹ 48,929 አላፊዎች በ2014ቱ ተፈታኝ ብዛት ላይ ቢሰሉ ኖሮ 5.5 በመቶ ይሆኑ ነበር። መቀነሱ በራሱ ከአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጦርነት የዘጋቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ኑሮ የገፋቸው ልጆች አሉ፣ “ብፈተንስ ምን አመጣለሁ” ብለው 11ኛ ክፍል ላይ የተዉ አሉ። የተወው ልጅ መቶኛውን ያሳድገዋል። በመቶኛው ሲደሰቱ ይህን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችስ? በ2014 1,161 ነበሩ። በ2015 1,328፣ በ2016 1,363፣ በ2017 1,249 ሆኑ። ተማሪ የሚያስፈትኑ ትምህርት ቤቶች ብዛትም ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን በድርሻም ማየት ያስፈልጋል፤ ቢሆንም መቶኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ሲያድግ የዜሮዎቹ ቁጥር ከመነሻው በላይ መቆየቱ መሻሻሉ የት እንደተከማቸ ይናገራል። በ2017 ሁሉንም ተፈታኝ ያሳለፉት ትምህርት ቤቶች 50 ደርሰዋል። ጫፎቹ እየተራራቁ ነው።

በሚቀጥለው የውጤት መግለጫ ላይ ጋዜጠኛ ሆኖ የሚገኝ ሰው ከማለፊያው መቶኛ ሌላ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ከሦስት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ ለፈተና ደረሱ? ከዜሮዎቹ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ዝርዝሩ ላይ ያሉት የትኞቹ ናቸው? በእነዚያ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዓመት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህር ተመድቧል ወይስ አልተመደበም?